ቢሊዮን ዶላር በ68 ሳንቲም ሲሻገር፣ እኔ ለምን 393 ዶላር ተጠየቅሁ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ዌብሳይት እሠራለሁ፤ ደንበኞቼ ብዙ ጊዜ የሚከፍሉኝ በቢትኮይን ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 240 ትንንሽ ክፍያዎች ገብተውልኝ 0.08 ቢትኮይን ደርሷል። ያለው ስልኬ ላይ ባለ ዋሌት ውስጥ ነው። አሁን ሃርድዌር ዋሌት (ቢትኮይን መጠበቂያ ትንሽ መሣሪያ) ገዛሁና ሁሉንም ላዛውር ስል 393 ዶላር ጠየቀኝ። ትልልቆቹ ግን ቢሊዮን ዶላር በሳንቲም አሻገሩ ሲባል እሰማለሁ። እየተዘረፍኩ ነው ወይስ ኔትወርኩ ለሀብታም ያዳላል? ዱባይ ያለችው እህቴም በትሮን ኔትወርክ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) ስትልክ 30 ዶላርም ሆነ 3,000 ዶላር ክፍያው ያው ነው ትላለች። ምክንያቱ አንድ ነው?»

ወንድሜ፣ አልተዘረፍክም። ኔትወርኩም ለሀብታም አያዳላም። ግን «ላክ» የሚለውን ገና ካልነካኸው አትንካው። ይህን ገንዘብ በ20 ዶላር አካባቢ ማዛወር ይቻላል።

የሰማኸው ነገር እውነት ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2020 ቢትፊኔክስ የተባለው ኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) 161,500 ቢትኮይን በአንድ ጊዜ አንቀሳቀሰ። በወቅቱ ዋጋ 1.1 ቢሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። የከፈለው 68 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 2019 ላይ፣ ሌላ ላኪ 94,504 ቢትኮይን አሻገረ። እሱም ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። እሱ ግን 700 ዶላር ገደማ ከፈለ። ሁለቱም ቢሊዮን ናቸው፤ የክፍያቸው ልዩነት ግን ወደ ሺህ እጥፍ ነው። ስለዚህ ክፍያውን የሚወስነው የገንዘቡ መጠን አይደለም ማለት ነው።

የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዝውውሩ ብሎክ ውስጥ፣ ማለትም ዝውውሮች በአንድነት በሚመዘገቡበት ገጽ ላይ፣ የሚይዘው ቦታ ነው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ባይት የምትመድበው ዋጋ ነው። አንድ ብሎክ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይሠራል። ውስጡ ያለው ቦታ በግርድፉ 1 ሚሊዮን ባይት ነው። ማይነሮች፣ ማለትም በማሽኖቻቸው ብሎኩን የሚሠሩት፣ የሚሸጡት ይህንን ቦታ ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣህ ሲመዘን ውስጡ ወርቅ ይሁን ሽሮ የምትከፍለው በኪሎው ነው። እዚህም ነገሩ እንደዚያ ነው። የ700 ዶላሩ ላኪ በባይት ከሚያስፈልገው በላይ ነበር የመደበው። ቢትፊኔክስ ደግሞ ትንሽ መደበ።

አሁን ወደ አንተ እንምጣ። የዋሌትህ ስክሪን 0.08 የሚል አንድ ቁጥር ያሳይሃል። ኔትወርኩ ግን እንደዚያ አድርጎ አልያዘውም። የገባልህ እያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ቁራጭ ሆኖ ተቀምጧል። ሁሉንም ስትልክ 240ውም ቁራጮች አንድ በአንድ ይጠቀሳሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ፊርማ ይፈልጋል። ቦታውን የሚበላው ይሄ ነው።

አድራሻህ «ቢሲ1ኪው» (bc1q) ብሎ የሚጀምር ከሆነ አንድ ቁራጭ ወደ 68 ባይት ይይዛል። በ3 የሚጀምር ከሆነ 91 አካባቢ፣ በ1 የሚጀምር የድሮ አድራሻ ከሆነ ደግሞ 148 ይደርሳል። ያንተ የመጀመሪያው ይመስላል፤ ሒሳቡ ይገጥማልና። 240 ሲባዛ በ68፣ 16,320 ባይት ነው። መቀበያ አድራሻውና ራስጌው ሲጨመሩ ወደ 16,360 ይሆናል። ዋሌትህ በባይት 40 ሳቶሺ መድቦልሃል። ሲባዛ 654,400 ሳቶሺ ይመጣል። አንድ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ነው፤ ዋጋውን 60,000 ዶላር ብለን ብናስብ ይኸው 393 ዶላር።

ያው 0.08 በአንድ ቁራጭ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ዝውውሩ 110 ባይት ብቻ ነበር የሚይዘው። በዚሁ በተጨናነቀ ዋጋ እንኳ 2 ዶላር ከ64 ሳንቲም ይበቃህ ነበር።

ቁራጮቹን አሁን መቀነስ አትችልም፤ ገብተዋል። የባይቱ ዋጋ ግን በእጅህ ነው። 16,360 ባይት በ2 ሳቶሺ ሲሰላ 20 ዶላር አይሞላም። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ራስህ ዋሌት ነው፤ ማንም አያጣድፍህም። ስለዚህ ጠብቅ። ሜምፑል ስፔስ የሚባለው ድረ ገጽ የወቅቱን የባይት ዋጋ በነጻ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ፣ በተለይ አውሮፓና አሜሪካ ተኝተው ባሉበት ሰዓት፣ ይረግባል። የሚብስበት ቀንም አለ። ኤፕሪል 20 ቀን 2024፣ የማይነሮች ሽልማት በግማሽ በተቀነሰበት ዕለት፣ የአንድ ተራ ዝውውር አማካይ ክፍያ ከ100 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ሩንስ የሚባሉ አዳዲስ ቶክኖች በዚያው ቀን ስለጀመሩ ሁሉም ቦታ ይሻማ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው።

ዋሌትህ የባይቱን ዋጋ በእጅ እንድታስገባ የሚፈቅድ መሆኑን እይ። የማይፈቅድ ከሆነ ስፓሮው ወይም ኤሌክትረም የሚባሉትን የኮምፒውተር ዋሌቶች ተጠቀም። 12 ቃላትህን (የዋሌትህን ማስመለሻ ቃላት) አስገብተህ ያንኑ ገንዘብ እዚያ ታገኘዋለህ። ሒሳቡ ዜሮ ብሎ ቢያሳይህ አትደንግጥ። አብዛኛውን ጊዜ የአድራሻው ዓይነት በትክክል ስላልተመረጠ ነው፤ «ኔቲቭ ሴግዊት» የሚለውን (በቢሲ1ኪው የሚጀምረውን ዓይነት) መርጠህ ሞክር። ፕሮግራሙን ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርድ። ጎግል ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ከላይ የሚመጣው ሊንክ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ቃላቱን ደግሞ «ላግዝህ» ለሚልህ ለማንም አትስጥ። ለእኔም ቢሆን።

ስትልክ በኋላ ክፍያውን ለመጨመር የሚያስችለውን ምርጫ አብራው፤ አርቢኤፍ (RBF) ይሉታል። በ2 ሳቶሺ ጀምር። ካልሄደልህ ትጨምራለህ። ማንም ማይነር ሳይወስደው ከቆየም ገንዘብህ አይጠፋም። አብዛኞቹ የኔትወርኩ ኮምፒውተሮች ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝውውሩን ይረሱታል፤ ገንዘቡም እንደነበረ ዋሌትህ ውስጥ ይገኛል።

240ውን በአንዴ ከመላክህ በፊት ግን ልታስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ምስጢር ነው፤ ለእኔ ከክፍያውም በላይ ያሳስበኛል። ቁራጮቹ በአንድ ዝውውር ሲቀላቀሉ የአንድ ሰው መሆናቸው ለዓለም በግልጽ ይታያል። 10 ዶላር የከፈለህ ደንበኛ ጠቅላላ ያለህን ሊያይ ይችላል። ይህ ከከበደህ ቁራጮቹን በየምንጫቸው ለይተህ፣ በተለያየ ቀን፣ ሃርድዌር ዋሌቱ ላይ ወደተለያዩ አድራሻዎች ላካቸው። ወጪው ብዙም አይለወጥም፤ ቦታ የሚበላው ቁራጩ ነውና። ስፓሮው ላይ የትኛው ቁራጭ እንደሚሄድ በእጅህ መምረጥ ትችላለህ።

ሁለተኛው መዝገብ ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ ግለሰብ ከአንድ ዓመት በላይ የያዘውን ቢትኮይን ሲሸጥ ከትርፉ ግብር አይከፍልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ መቼ እንደገባ ማወቅ ኋላ ላይ ዋጋ አለው። ከማቀላቀልህ በፊት የዋሌቱን ታሪክ አውጥተህ ፋይል አድርገህ አስቀምጥ።

ሦስተኛው ጥቃቅኑ ነው። በ40 ሳቶሺ ጊዜ አንድ ቁራጭ ለማንቀሳቀስ 2,720 ሳቶሺ ይፈልጋል። 1,500 ሳቶሺ ያለበትን ቁራጭ በዚያ ዋጋ ብትልክ ኪሳራ ነው። በ2 ሳቶሺ ግን 136 ብቻ ስለሆነ ያዋጣል። ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጥቂት መቶ ሳቶሺ ካየህ ደግሞ ከነጭራሹ አትንካው። አድራሻዎችህን ለማያያዝ ሆን ብለው የሚበትኑ አሉ፤ ዋሌቱ ላይ «ፍሪዝ» አድርገህ ተወው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከመፈረምህ በፊት የክፍያውን መስመር በሳቶሺም በዶላርም አንብበው። ቢትኮይን ላይ ክፍያ ማለት ከገባው ገንዘብ ተቀባይ ያልተጻፈለት ቀሪው ነው። ኔትወርኩ «ይሄ በዛ» ብሎ አይመልስህም። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ፓክሶስ የተባለ ትልቅ ድርጅት 2,000 ዶላር የማይሞላ ቢትኮይን ሊልክ 19.8 ቢትኮይን ክፍያ ከፈለ፤ በጊዜው ከ500,000 ዶላር በላይ ነበር። ብሎኩን የሠራው ኤፍቱፑል የተባለ የማይነሮች ስብስብ በፈቃዱ መለሰለት። አንተን ግን የሚመልስልህ ሰው ላይገጥምህ ይችላል።

ለወደፊቱ ትንንሹን ክፍያ በላይትኒንግ፣ ማለትም በቢትኮይን ላይ በተሠራው የፈጣን ክፍያ ኔትወርክ፣ ተቀበል። እዚያ ቁራጭ አይጠራቀምብህም። ላይትኒንግ ላይ ክፍያው ከገንዘቡ መጠን ጋር አብሮ ስለሚያድግ ለትልቅ ገንዘብ ዋናው የቢትኮይን ኔትወርክ ይሻላል። ለትንሽ ግን የሚስተካከለው የለም። ላይትኒንግ የማይጠቀም ደንበኛ ካለህ በየሥራው ሳይሆን በወር አንድ ጊዜ እንዲከፍልህ ጠይቀው።

የእህትህ ጉዳይ ቅርብ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ትሮን ቁራጭ አይቆጥርም፤ ዝውውሩ የሚጠይቀውን የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚያስከፍለው። «ከዚህ ቀንስ፣ እዚያ ጨምር» የሚለው ሥራ ለ30ም ለ3,000ም አንድ ነው። ተቀባዩ አድራሻ ከዚህ በፊት ዩኤስዲቲ ይዞ የማያውቅ ከሆነ ግን ክፍያው እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ያኔ እንዳትደናገጥ ንገራት። ከኤክስቼንጅ የምትልክ ከሆነ ደግሞ የምታየው የኔትወርኩን ሳይሆን ኤክስቼንጁ ራሱ የቆረጠውን ዋጋ ነው። በሁለቱም መንገድ አሥር ጊዜ በትንሽ በትንሹ ከምትልክ አንድ ጊዜ ብትልክ ይረክሳል። የራሷ ዋሌት ካላት ጥቂት ትሮን (ቲአርኤክስ የሚባለውን የኔትወርኩን የራሱን ገንዘብ) ሁልጊዜ ውስጡ ትተው። ክፍያው የሚቆረጠው ከዩኤስዲቲው ሳይሆን ከዚያ ነው፤ ከሌለ 3,000 ዶላሩ እያየችው አይንቀሳቀስላትም።