ኦራል ሰርጀሪ የምታስቡ፣ ጃንዋሪን አትጠብቁ

በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አመልካቾችን ለስፔሻሊቲ ፕሮግራሞች የሚደለድለው የ«ማች» ውጤት ሲወጣ፣ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ማች አላደረግኩም። ኢንተርንሽፕ ልሞክር ነው፤ አሁን ይደርሳል?» ይደርሳል። ግን አብዛኛው ዝግጅት መስከረም ላይ ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ላላችሁ፣ ገና ጊዜ ላላችሁ ልጆች ነው።

ለወላጆችም እንዲገባ ባጭሩ ልበል። ኦራል ሰርጀሪ፣ ማለትም የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ (ሬዚደንሲው) አራት ዓመት ይፈጃል፤ የሕክምና ዶክትሬት አብሮ ከተያዘ ስድስት። ማመልከቻው ፓስ በሚባለው ሲስተም ሜይ አጋማሽ ገደማ ይከፈታል፣ የማች ውጤት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ይወጣል። ቦታው ጥቂት ነው። ጎበዝ ልጅም ይቀራል። የቀረ ሰው ካሉት መንገዶች አንዱ የአንድ ዓመት ኢንተርንሽፕ ነው። ዓመቱ ከአራቱ አይቀነስላችሁም፣ ለሚቀጥለውም ዋስትና የለውም። ነገር ግን ሆስፒታል ውስጥ ስፔሻሊቲውን ከሚማሩት ሬዚደንቶች ጋር ተረኛ ታድራላችሁ፣ ሰርጀኖቹም በስማችሁ ያውቋችኋል። ብዙውን ጊዜ ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ይጀምራል።

ማመልከቻው መቼ ይገባል? አንድ ወጥ ቀን የለም፤ ልጆቹን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም በፓስ በኩል ከሬዚደንሲው ጎን ለጎን ይቀበላል። አንዳንዱ ወረቀቱ በቀጥታ ለዲፓርትመንቱ እንዲላክ ይፈልጋል። ሌላው የማች ውጤት ሳይወጣ በሩን አይከፍትም። እንቁጣጣሽ አካባቢ ቁጭ ብላችሁ ዝርዝር አውጡ። ለየፕሮግራሙ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ «ለሚቀጥለው ጁላይ ነን ካቴጎሪካል ኢንተርን ትቀበላላችሁ? ማመልከቻው መቼ ይከፈታል? በምን በኩል?» ነን ካቴጎሪካል ማለት የአንድ ዓመት ብቻ፣ የሬዚደንሲ ቦታ የማያስይዝ ማለት ነው። በቃ፣ ሦስት ጥያቄ። አስተባባሪዎቹ ይህን ሲጠየቁ ነው የሚውሉት። እኔ ግን ኢንተርቪው የጠራችሁን ፕሮግራም ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ ባትጠይቁት ይሻላል ባይ ነኝ።

ከገና በፊት ደግሞ አንድ ፒዲኤፍ አዘጋጁ። ሲቪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሲቢኤስኢ (የመሠረታዊ ሕክምና ሳይንስ) ፈተና ውጤት፣ አንድ ገጽ ያልሞላ ደብዳቤ፤ ሁሉም በአንድ ፋይል፣ ስማችሁ የፋይሉ ስም ላይ ሆኖ። የማች ውጤቱ በወጣበት ቀን አልቅሱ፤ ማልቀስ ያለ ነው። ግን ከሰዓት በፊት ኢሜይሉ ይሂድ። በዚያው ቀን ሌሎች ማች ያላደረጉ ልጆችም ለዚያው ቦታ እየጻፉ ነው። ባዶ ቦታ ያለው ፕሮግራም ደግሞ ሰው ሁሉ ጽፎ እስኪጨርስ አይጠብቅም።

አሁን የእኛን የሐበሾችን ጉዳይ ላንሳ። ያልተያዘ ነገር አይወራም ብለን ነው ያደግነው። ለእናት እንኳ ሳይነገር የሚሞላ ማመልከቻ አለ። ለጎረቤት አትናገሩ፣ ይሁን። የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ መምህራን ግን ተናገሩ። በፓስ የተላከ ደብዳቤ ከፓስ አይወጣም፤ እናንተም አውጥታችሁ ለሌላ ልትልኩት አትችሉም። ስለዚህ መምህሩን ገና በመጸው፣ «ካልተሳካ ለኢንተርንሽፕ አመለክታለሁ፤ ደብዳቤውን በቀጥታ ሊልኩልኝ ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፌብሩዋሪ ላይ ሳያስበው በኢሜይል ከምታስቸኩሉት ይህ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ኢንተርንሽፑ ከተገኘ በኋላ ያለው ወጥመድ ግን ከሁሉ ይብሳል። ሥራ የምትጀምሩት ጁላይ ነው። የሚቀጥለው ዙር ማመልከቻ የተከፈተው ሜይ ላይ ነው። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ቀን ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይዘጋል። ቁጠሩት እስቲ፤ አዲሱ አለቃችሁ ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁ ስትጠይቁት ገና በሁለትና በሦስት ወር ነው የሚያውቃችሁ። ሆስፒታሉን ለመልመድ፣ የኮምፒውተር ሲስተሙን ለማወቅ፣ ሌሊት ፊቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ላለመደናገጥ የሚያስፈልገው ጊዜም ያው ነው። ስለዚህ ፓሱን ሥራ ሳትጀምሩ ሙሉት። ሲቢኤስኢ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ፌብሩዋሪና ጁላይ ገደማ ይሰጣል። ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ የፌብሩዋሪውን ምዝገባ ማቹን ሳትጠብቁ ያዙት። ጁላይ ላይ ከተረኝነት ወጥቶ ባዮኬሚስትሪ ማንበብ የሚያስደስተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጅማ፣ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ተመርቃችሁ ለመጣችሁ ጥያቄው ይጨምራል። ውጭ የተማረ ሐኪም የሚቀበል ኢንተርንሽፕ አለ፣ የማይቀበልም አለ። የመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ይህንንና የቪዛውን ነገር ጠይቁ። ሌላው፣ በብዙ ስቴት ሙሉ ፈቃድ ለማግኘት እዚህ አገር እውቅና ካለው የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መመረቅ ይጠየቃል፤ ኢንተርንሽፑ ብቻውን አይተካውም። ትራንስክሪፕቱን ከሬጅስትራር የሚያስወጣላችሁ ሰው አገር ቤት ከሌለ ውክልናውን ዛሬ ላኩ። ክረምት ላይ ቢሮ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡንም አስቡበት። የኢንተርን ደመወዝ ከሬዚደንት የሚቀራረብ ነው፤ ክሊኒክ የገባ የክፍል ጓደኛችሁ ከዚያ በጣም የበለጠ ያገኛል። ሜይ ላይ ከተመረቃችሁ የፌዴራል ብድሩ የስድስት ወር ፋታ ኖቬምበር ገደማ ያልቃል። ትልቅ ዕቁብ ገብታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቤተሰብም «ዶክተር ሆነ» ብሎ መጠበቅ ሳይጀምር ይወቀው።

ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ደግሞ አሁን እዚያ የሚሠራውን ኢንተርን ፈልጋችሁ ደውሉለት። ዳይሬክተሩ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚነግራችሁ። ከባለፉት ኢንተርኖች ስንቱ ሬዚደንሲ ገባ? ኦፕሬሽን ክፍል ያስገባሉ ወይስ የሌሊት ተረኝነት መሸፈኛ ብቻ ነው የሚያደርጉት? ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ለኢንተርቪው ፈቃድ ይሰጣሉ? የመጨረሻውን ጥያቄ «እንጃ» ብሎ ከመለሰላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።