ብርዱ ካለፈ በኋላ እንነሳ ወይስ አሁን?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ በብርዱ ወቅት ከቤት ውጭ የቤተሰብ ፎቶ ስለ መነሳት። ገና ሳይሞክሩት የፈሩም አሉ፣ ሞክረው አልሳካ ያላቸውም አሉ። አራቱን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቋ 7፣ ትንሹ 4 ዓመቱ ነው። ሁላችንም አንድ ላይ ያለንበት ፎቶ ከተነሳን ሁለት ዓመት አለፈን። በየጊዜው “ሙቀቱ ሲመጣ” እንላለን፣ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ አንዳችን ሥራ ይይዘናል፣ አንዳችን ጉዞ ይኖረናል። አሁን እናቴ ልትጠይቀን መጥታ አብራን ናት፤ ከሁለት ወር በኋላ ትመለሳለች። ውጭው ግን በረዶ ነው። ባለቤቴ “ልጆቹ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ፊታቸው ተኮሳትሮ ምን ዓይነት ፎቶ ሊወጣ ነው?” ይለኛል። ብርዱ እስኪያልፍ ብንጠብቅ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፣ እህቴ። እናትሽ አብረዋችሁ እያሉ ተነሱ።

ብርዱን ለጊዜው እንርሳውና ስለ ብርሃኑ ላውራሽ። በሙቀቱ ወቅት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ከቅንድብ ስር፣ ከአፍንጫ ስር፣ ከአገጭ ስር ጥቁር ጥላ ትጥላለች። ዓይን ጎድጉዶ ይታያል። ፎቶ አንሺዎች “ወይ በማለዳ ወይ ሊመሽ ሲል ካልሆነ” የሚሉሽ ለዚህ ነው፤ ያኔ ደግሞ የ4 ዓመት ልጅ ወይ አልነቃም ወይ እንቅልፉ መጥቶ እየተነጫነጨ ነው። በብርዱ ወቅት ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትዞረው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50 ዲግሪ ላይ ባለ ቦታ፣ ዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 16 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። በዚያው ቦታ ጁን 21 ላይ 63 ዲግሪ ተኩል ትደርሳለች። ስለዚህ ሌላ ጊዜ ተሻምተን የምናገኘው ለስላሳ፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን አሁን ቀኑን ሙሉ አለ ማለት ነው። ልጆቹ በልተው፣ አርፈው፣ ደስ ብሏቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ መውጣት ትችላላችሁ።

በረዶው ራሱ ደግሞ ሥራ ይሠራል። አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ወደ ላይ ይሰደዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ቆሞ ነጭ ሪፍሌክተር (ብርሃን የሚመልስ ሰሌዳ) ከፊትሽ ስር እንደሚይዝልሽ ቁጠሪው። ጥላው ይሳሳል፣ ዓይን ውስጥ ብልጭታ ይገባል።

እኔ ግን ይህን ወቅት ከሁሉም የማስበልጠው በሌላ ምክንያት ነው። በሙቀት ጊዜ ቤተሰብ ለፎቶ ሲቆም ተራርቆ ነው የሚቆመው፤ እጁን የት እንደሚያደርግ ይጨነቃል፣ “ተጠጉ፣ ተጠጉ” እያልኩ ድምፄ ይዘጋል። በብርድ ማንም አይለመንም። ልጅ እናቱ ካፖርት ውስጥ ይገባል፣ ባልና ሚስት ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ። አንድ ጊዜ ያነሳሁት ቤተሰብ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ትንሹ ልጅ ጓንቱን በረዶ ውስጥ ጥሎ እጁ ቀዝቅዞ ማልቀስ ጀመረ። አያቱ ጎንበስ ብለው ሁለቱን እጆቹን በመዳፋቸው መሃል ከተቱና እፍ አሉባቸው። ፀሐይዋ ከኋላቸው ስለነበረች ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ነጭ ሆኖ ታየ። ልጁ ለቅሶውን ትቶ አፋቸውን ያያል። ቤተሰቡ በትልቁ አሳትሞ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ያንን ነው፤ ማንም ወደ ካሜራው አይመለከትም።

ለባለቤትሽ የምትነግሪው ይህን ነው፦ ሁሉም ነገር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያልቃል። አጭር መሆኑ ይጠቅማችኋል፣ የልጅ ትዕግስት ቢሆን ከዚያ አያልፍም። ፎቶ አንሺው ቦታውን ቀድሞ አይቶ ይጠብቃችሁ። እናንተ ከመኪና የምትወርዱት ሁሉ ነገር ሲዘጋጅ ብቻ ነው። እናትሽ የሚቀመጡበት ነገርና አንድ ብርድ ልብስ ያዙላቸው፤ በረዶው ያንሸራትታልና ሜዳ ቦታ ምረጡ። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ ያዙ። መሀረብ ኪስሽ ውስጥ ይኑር፣ የሚፈሰው አፍንጫ ይጠረጋል። ከካፖርት ስር ስስ ስስ ልብስ ደራርቡ፣ አንድ ወፍራም ከመልበስ ይሻላል፣ ፎቶው ላይም አያሳብጥም። ቀለም ላይ አትፍሪ። ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሰናፍጭ፣ ጥልቅ አረንጓዴ በረዶ ላይ ደምቀው ይወጣሉ። ሙሉ ነጭ ግን ይቅር፣ ከበረዶው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ኮፍያው ቅንድብ ላይ ከወረደ ዓይን ይሸፍናልና ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ባለፈው ቅዳሜ ቤተሰቤን በረዶ ላይ በስልኬ አነሳኋቸው። ፊታችን ጠቁሮ ዓይናችን እንኳ አይለይም፣ በረዶው ደግሞ አመድ መስሏል። በዚያ ላይ ስልኩ 40 በመቶ ባትሪ እያለው ድርግም አለ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ ወንድሜ። ካሜራ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ነው የሚጥረው። ከፊት ለፊቱ ያለው በሙሉ ነጭ ሲሆንበት “ብርሃኑ በዛ” ብሎ ያጨልመዋል። በረዶው አመድ ይሆናል፣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ ጭራሽ ይዋጣል። የእኛ ሰው “በረዶ አይሆነንም” ሲል የምሰማው በዚህ ምክንያት ነው፣ ጥፋቱ ግን የቆዳችን አይደለም፤ ካሜራው መታዘዝ አለበት። ስልክ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊትን ንካ፣ ከዚያ ጣትህን ወደ ላይ ሳብ፤ ምስሉ ይበራል። ካሜራ ከሆነ ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ማስተካከያውን ከ+1 እስከ +2 ከፍ አድርግ። በረዶው ትንሽ ቢነጣብህ ምንም አይደል። ከበረዶውና ከፊት አንዱን ማዳን ካለብህ ፊቱን አድን፣ ባለቤትህ የምታየው የልጇን ፊት ነው። ጥላ ቦታ ስታነሳ በረዶው ሰማያዊ ከሆነብህ ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያውን፣ “ጥላ” ወደሚለው ቀይረው።

ባትሪው ሌላ ጉዳይ ነው። ሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሥራ በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ኃይል እያለው መስጠት ያቅተዋል። አፕል ራሱ አይፎን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት እንዲሠራበት ነው የሚመክረው። ስልኩን ደረትህ አጠገብ ባለ የውስጥ ኪስ ያዘው፣ ስታነሳ ብቻ አውጣው። ሲሞቅ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ይመለሳል። ወደ ቤት ከመግባትህ በፊት ካሜራውን በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርገውና እስኪሞቅ አንድ ሰዓት ያህል ሳትከፍት ተወው፤ አለበለዚያ የቤቱ እርጥብ አየር ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ጤዛ ይሆናል። ሌንሱንም በትንፋሽህ አታጽዳ። እ.ኤ.አ. በ1885 የበረዶ ቅንጣትን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ያነሳው አሜሪካዊው ዊልሰን ቤንትሊ ቅንጣቷ እንዳትቀልጥበት ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። በዚያ መንገድ በሕይወቱ ከ5000 በላይ ቅንጣቶች አንስቷል።

ጥያቄ፦ ልጃችን 3 ወሯ ነው። የመጀመሪያዋ በረዶ ስለሆነ ውጭ ማንሳት አማረን። ይቻላል?

መልስ፦ ለጥቂት ደቂቃ፣ ነፋስ በሌለበት፣ እናንተ እቅፍ ውስጥ ሆና ይቻላል። ጨቅላ ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ በደንብ አይችልም፤ ሰውነቱም ቶሎ ይቀዘቅዛል። የሙቀት መለኪያውን ብቻ አትመኑ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው። እንዲህ ባለ ቀን ውጭውን እርሱትና መስኮት አጠገብ አንሷት፣ ከበረዶው የሚመጣው ብርሃን በመስኮቱ ይገባል። ስትወጡ ፎቶውን ሁለትና ሦስት ጊዜ አንሱና ግቡ። ማጅራቷን በእጃችሁ ዳሱ፤ ከቀዘቀዘ ፎቶ ማንሳቱ አልቋል። መኪና ውስጥ ደግሞ በወፍራም ካፖርት አታስሯት፣ ካፖርቱ ተጨፍልቆ ቀበቶው ይላላል። መጀመሪያ እሰሯት፣ ብርድ ልብሱን ከላይ ጣሉባት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሁሉም ሊሰበሰቡ ነው። እኛ ዘንድ ግን በረዶ የለም። ሰማዩ ደመና፣ ዛፉ ራቁቱን፣ መሬቱ ጭቃ። ምን ያምራል ብለን እንውጣ?

መልስ፦ አባቴ፣ ደመናው ራሱ ያምራል። ሰማዩን የሞላ ደመና ብርሃኑን እኩል አድርጎ ይበትነዋል፤ 15 ሰው ቢቆም አንዱ ጥላ ውስጥ፣ ሌላው ፀሐይ ዓይኑን ወግታው አይወጣም። ብዙ ሰው ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ሰማይ አላውቅም። ቅጠሉ የረገፈው ዛፍ ከኋላ ስስ መስመር ብቻ ነው፣ ዓይን በቀጥታ ወደ ሰዉ ይሄዳል። መናፈሻውም ባዶ ነው፣ የማያውቁት ሰው ከኋላ አያልፍብዎትም። ፎቶ አንሺዎችም በዚህ ጊዜ የሠርግ ጥድፊያ ስለሌለባቸው ረጋ ብለው ያነሳሉ።

ጭቃውን ግን ይጠንቀቁ። ንጣፍ ያለበት መንገድ ወይም የድንጋይ ደረጃ ፈልጉ። እርስዎ መሃል ይቀመጡ፣ ትንንሾቹ እግርዎ ስር ይደርደሩ፣ ትልልቆቹ ከኋላ ይቁሙ። ዝናብ ካካፋ ጃንጥላውን አትደብቁት፣ ፎቶው ውስጥ ይግባ። ቀዩ ካለ ቀዩን ያዙ።