መልስ፦ በአሜሪካዋ ግዛት በሜሪላንድ ውስጥ በሽተኛ ሲቀንስ የሆስፒታል ገቢ ለምን አይወድቅም?

«የሆስፒታሉ የዓመት ገቢ አስቀድሞ የሚወሰን ከሆነ፣ በሽተኛ ሲቀንስ አይከስርም ወይ?» ላሉት፦ አይከስርም፤ የሚንቀሳቀሰው ዋጋው ነው።

የሆስፒታሎቹን የዋጋ ተመን የሚያወጣው በ1971 የተቋቋመው የግዛቱ ኮሚሽን ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከ1977 ጀምሮ ሜዲኬርም (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በዚሁ ተመን ይከፍላል። ለሜዲኬርና ለሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ጥቂት ቅናሽ ቢኖርም፣ በአንድ ሆስፒታል የአንድ አገልግሎት ዋጋ ለሁሉም ኢንሹራንስ አንድ ነው። ከሆስፒታል ሆስፒታል ግን ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከ2014 ወዲህ የዓመት ገቢ ጣሪያ አለ። ጣሪያው 100 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። ሥራው (የሚሰጠው ሕክምና ብዛት) በ4 በመቶ ቢቀንስ፣ ሆስፒታሉ ዋጋውን 4.2 በመቶ ገደማ ከፍ አድርጎ ጉድለቱን ይሞላል፤ ሥራው ከበዛ ዝቅ ያደርጋል። ዋጋውን የሚያንቀሳቅሰው እስከ 5 በመቶ በራሱ፣ ከዚያ በላይ እስከ 10 በመቶ በኮሚሽኑ ፈቃድ ነው። ስለዚህ አልጋ መሙላት ትርፍ አይሆንም፤ የስኳር ታማሚን ተከታትሎ ድንገተኛ ክፍል እንዳይደርስ ማድረግ ግን ያዋጣል።

ቀዳዳም አለው። ሆስፒታሉ ሥራውን ከጣሪያው ውጭ ወዳሉ ክሊኒኮች ቢገፋ፣ ጣሪያው ሳይነካ ኢንሹራንሱ ሁለት ጊዜ፣ ለክሊኒኩም ለሆስፒታሉም፣ ይከፍላል። ኮሚሽኑ የበሽተኞችን ፍልሰት እያየ ጣሪያውን የሚያስተካክለው ለዚህ ነው፤ ሆኖም ማስተካከያው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ለአንድ ሕክምና ሁለት ቢል (የክፍያ መጠየቂያ) ለምን እንደመጣልዎትም ጠይቀዋል። ተመኑ የሚገዛው የሆስፒታሉን ክፍያ ብቻ ነው። ሐኪሙ ለብቻው ያስከፍላል፤ የእሱ ዋጋ ከየኢንሹራንሱ ጋር በተዋዋለው መሠረት ይለያያል። ድርድር ካሰቡ በሐኪሙ ቢል ላይ ይሞክሩ፤ የሆስፒታሉን ተመን ኢንሹራንስዎ እንኳ በድርድር አያስቀንሰውም።