«ማን አጠፋ?» ብላችሁ አትጀምሩ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ አውሮፕላን ስጠግን ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ የመካኒክነት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ልትጀምር ነው። ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን «ጋሼ፣ ምን ይመክሩኛል?» አለችኝ። ያን ሰዓት ደህና መልስ አልመጣልኝም። «ሰዓት አክብሪ» ምናምን ብዬ አለፍኩት። ከሄደች በኋላ ግን ከነከነኝ። ይኸው ለእሷም፣ እንደ እሷ ሥራ ለምትጀምሩ ሁሉም እጽፋለሁ።

አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

እንግሊዞች የሠሩት ኮሜት የሚባል አውሮፕላን ነበር። ሜይ 2 ቀን 1952 መንገደኛ አሳፍሮ ከለንደን ወደ ጆሃንስበርግ በረረ። በመንገዱ ላይ እዚሁ ጎረቤታችን ካርቱም አርፏል። በመደበኛ የንግድ በረራ ሰው ያጓጓዘ የመጀመሪያው ጄት እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚሄደው በፕሮፔለር፣ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኮሜት ግን ከደመናው በላይ ወጥቶ ጸጥ ብሎ ይሄዳል። ዓለም ጉድ አለ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 26 ማታ፣ አንድ ኮሜት ሮም ላይ ሊነሳ ተንደረደረ። አፍንጫው ቀና አለ፤ መሬቱን መልቀቅ ግን አቃተው። ማኮብኮቢያውን ጨርሶ ወጥቶ ተሰባብሮ ቆመ። ደግነቱ ነፍስ አልጠፋም። አብራሪው ካፒቴን ሃሪ ፉት ይባላል። ተመረመረና «የአብራሪው ስህተት ነው፣ አፍንጫውን ከመጠን በላይ አንስቷል» ተባለ። ፉት ከኮሜት ተነስቶ ዮርክ በሚባል የፕሮፔለር ጭነት አውሮፕላን ላይ ተመደበ። ጉዳዩ ተዘጋ።

የተዘጋው ግን ለአራት ወር ብቻ ነው። ማርች 3 ቀን 1953 ካራቺ ላይ ሌላ ኮሜት፣ ሌላ አብራሪ፣ ያው ነገር። አፍንጫው ቀና አለ፤ አልነሳም። የነበሩት 11 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ተሳፋሪ ጄት ሰው የገደለበት የመጀመሪያው አደጋ ይህ ነው። የክንፉ የፊት ጠርዝ ቅርጽ የተቀየረው ከዚህ በኋላ ነው። ለካ አፍንጫው ከልኩ ትንሽ ካለፈ ክንፉ አውሮፕላኑን የማንሳት ኃይሉን ያጣ ነበር።

ፉት አልተሳሳተም እያልኩ አይደለም። አፍንጫውን አብዝቶ አንስቶት ይሆናል። ግን አንድ ልምድ ያለው ሰው፣ በጨለማ፣ ትንሽ አብዝቶ ቢያነሳ አውሮፕላን የሚወድቀው ለምንድን ነው? ይህን የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ የካራቺዎቹ ሰዎች ቤታቸው ይገቡ ነበር ብዬ አስባለሁ። «ማን?» ለሚለው መልስ ሲገኝ «ለምን?» የሚለው ሳይጠየቅ ቀረ።

ይህ በእኔም ደርሷል። ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የሌሊት ሺፍት ላይ ነበርኩ። ሊነጋጋ ሲል ሳጥኔን ስቆጥር አንድ ካቻቢቴ ጎደለ። ቢጫ እጀታ ያለው፣ አጭር። አውሮፕላኑ ጠዋት ይበራል። በሩ አጠገብ ቆሜ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር። «ከኪሴ ገዝቼ ብተካውስ?» ብዬም አሰብኩ። በመጨረሻ ሄጄ ለአለቃዬ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። «የት የት ነው የሠራኸው?» ብቻ አለኝ። ባትሪውን ይዞ አብሮኝ ጭራው ውስጥ ገባ። በደረቱ ተኝቶ እጁን አሾለከና አወጣው። የጭራውን መሪ የሚጎትቱት ሽቦዎች ከሚያልፉበት ጎን ተጋድሞ ነበር። አንድ ጣት ያህል ቢንሸራተት ሽቦው ውስጥ ይሰነቀራል።

አለቃዬ ሪፖርት ጻፈ። ቢሮው ግን የጠየቀው አንድ ነገር ነው። «ማን ነው?» ስሜ ተሰጠ። ደመወዜ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንድም ሰው «መሣሪያ ጠፋብኝ» ብሎ ሪፖርት አላደረገም። ወረቀቱን ያየ ሰው ሁሉም ነገር ሰላም ነው ይላል። እኛ ግን እናውቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት ልጆቹ ተደብቀው በባትሪ ሲፈልጉ አያለሁ። ካጡት ከመርካቶ ይተኩታል። የጠፋው የት እንደገባ ማን ያውቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ጋ ግን ደብቁ ያለን ቅጣቱ ነበር።

ወደ ኮሜት ልመለስ፤ ዋናው ገና ነው።

ጃንዋሪ 10 ቀን 1954 አንድ ኮሜት ከሮም ተነስቶ ኤልባ ደሴት አጠገብ ሰማይ ላይ ተበታተነ። 35 ሰው ሞተ። ያንን የመጀመሪያ የጆሃንስበርግ በረራ የጀመረው ራሱ አውሮፕላኑ ነው። የእንግሊዙ አየር መንገድ ኮሜቶቹን ሁሉ አቆመ። ይህ ተገቢ ነበር። መሐንዲሶቹ ምክንያት ይሆናል ብለው የጠረጠሩትን ሁሉ፣ ወደ 60 የሚጠጋ ነገር፣ አስተካከሉ። ትክክለኛው ምክንያት ግን አልታወቀም። ማርች 23 በረራ ተጀመረ። በ16ኛው ቀን፣ ኤፕሪል 8፣ ሌላ ኮሜት ኔፕልስ አጠገብ ባሕር ገባ። 21 ሰው።

60 ነገር አስተካክለው እውነተኛውን አላገኙትም። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ለፍተዋል። ግን «ብዙ ሠርተናል» እና «አውቀናል» የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ስብርባሪውን ከባሕር ወለል ለቅሞ አወጣ። ፋርንቦሮ የሚባል የምርምር ማዕከል ውስጥ በሰር አርኖልድ ሆል መሪነት እያንዳንዱን ቁራጭ በቦታው ገጣጠሙት። ሌላ ሙሉ ኮሜት ደግሞ ውኃ የሞላበት ትልቅ ታንክ ውስጥ ነከሩ። ክንፎቹ ብቻ በጎንና በጎን ወጥተው ይታያሉ። ውስጡ ውኃ እየገፉ ግፊቱን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ያደርጋሉ። አውሮፕላን ከፍ ብሎ ሲበር ውስጡ እንደ ኳስ ይነፋል፤ ሲወርድ ይተነፍሳል። አንዱ መንፋትና ማስተንፈስ አንድ በረራ ነው። በአየር ቢሞክሩት ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ስለሚሆን ነው ውኃ የተጠቀሙት።

አውሮፕላኑ በእውነት የበረረውም ታንኩ ውስጥ የተነፋውም ተደምሮ ከ3,000 ትንሽ ሲያልፍ ቆዳው ተቀደደ። ስንጥቁ የጀመረው ከአደጋ ጊዜ መውጫው መስኮት ጥግ፣ ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ ጫፍ ነው። የብረት ድካም ይሉታል። ሽቦ በእጃችሁ ወዲህ ወዲያ ስታጣጥፉት መጨረሻ ላይ የሚበጠሰው ዓይነት ነው። ኤልባ ላይ የወደቀው የበረረው 1,290 ጊዜ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጥፋተኛ አብራሪ የለም። ጥፋተኛ መካኒክም የለም። ስለዚህ የግድ «ለምን?» ተባለ። መልሱም ለሌሎች አምራቾች ተረፈ። የእኛ አየር መንገድ በ1962 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ቦይንግ 720 ጄቶች ሲረከብ፣ የእነዚያ ሰዎች ሞት ያስተማረው ነገር ብረቱ ውስጥ ነበር።

ዴቪድ ዋረን የሚባል አውስትራሊያዊም ነበር። የእሱ አባት በ1934 በአውሮፕላን አደጋ ነው የሞተው። ስለ ኮሜት አደጋ በሚመክር ስብሰባ ላይ ተቀምጦ «አብራሪዎቹ በመጨረሻው ደቂቃ ያወሩትን ብንሰማ ኖሮስ?» ብሎ አሰበ። ዛሬ ብላክ ቦክስ የምንለው እንዲህ ተጀመረ። ቀለሙ ግን ቶሎ እንዲታይ ብርቱካናማ ነው። የአገሩ አብራሪዎች መጀመሪያ ላይ «ሊሰልሉን ነው» ብለው ተቃወሙት። አልፈርድባቸውም። የሚጠየቀው «ማን?» ብቻ በሆነበት ቤት መቅጃ ያስፈራል።

ደግሞ ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ኦክቶበር 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰው ሞተ። ሌሎቹ ማክሶች ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ማርች 10 ቀን 2019፣ በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የእኛው አየር መንገድ ማክስ ወደቀ፤ 157 ሰው። ያን ሰሞን በውጭ አገር «የአብራሪዎቹ ሥልጠና ነው ችግሩ» የሚሉ ነበሩ። ያን ስሰማ ፉት ነው ትዝ ያለኝ። አለቀስኩም። ሁለቱም አደጋ ላይ አንዲት ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ ሰጥታ አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋውን ሲስተም አስነስታለች። ዓለም ማክስን ያቆመው ከሁለተኛው በኋላ ነው።

እና አንቺ የእህቴ ልጅ፣ መጀመሪያ ቀን ስትገቢ ይህን አድርጊ። አለቃሽን «ሌሊት ላይ መሣሪያ ቢጠፋብኝ ለማን ነው የምደውለው?» ብለሽ ጠይቂው። ቁጥሩን ከሰጠሽ ሳጥንሽ ክዳን ላይ ለጥፊው። ደውሎ የተናገረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ አለቃሽን ሳይሆን ከአንቺ በፊት የገቡትን ልጆች ጠይቂ። እነሱ ዝም ካሉሽ ለእኔ ደውዪልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት።