ክሊኩ ይመጣል፣ እንግዳው ግን የለም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እኔ ሐረር ጁገል ውስጥ ትንሽ ገስት ሀውስ አለችኝ፣ እንግዶቼ የሚያድሩት በሐረሪ ባህላዊ ቤት ነው። ጎግል ላይ በክሊክ የሚከፈለውን ማስታወቂያ ጀመርኩ፣ ክሊኩ ይመጣል ብሩም ይሄዳል ግን ደውሎ ክፍል የሚይዝ የለም። ልተወው ወይስ በጀት ልጨምር?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ አትተዪውም በጀትም እንዳትጨምሪ! መጀመሪያ ብርሽን ማን እንደበላው እንይ። አካውንትሽ ውስጥ ሰርች ተርምስ የሚል ሪፖርት አለ፣ ሰዉ ጎግል ላይ ምን ብሎ ጽፎ አንቺ ጋር እንደመጣ የሚያሳይሽ እሱ ነው፣ ሁሉንም ባያሳይም ለስራሽ ይበቃል። አንቺ ያስገባሽው ኪወርድ (ማስታወቂያሽ እንዲወጣበት የመረጥሽው የፍለጋ ቃል) እና ሰው የጻፈው ነገር አንድ አይደለም፣ ብዙ ነጋዴ የሚሸወደው እዚች ጋር ነው። ካልቀየርሽው በቀር ጎግል ኪወርድሽን ብሮድ ማች አርጎ ይይዘዋል፣ ማለትም ይቀራረባል ብሎ ለገመተው ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያሽን ሊያወጣው ይችላል። በእንግሊዝኛ ሐረር ሆቴል ብለሽ ካስገባሽ የሐረር ቢራ ፈላጊው፣ የሐረር ቡና ፈላጊው፣ የሆቴል ስራ የሚፈልገው ልጅ፣ የጅብ ቪዲዮ ማየት ያማረው ሁሉ ሊመጣብሽ ይችላል። በዛ ላይ የዚምባብዌዋ ሀራሬ አለች፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከሐረር የሚለያት መጨረሻ ላይ ያለች አንድ ፊደል ናት፣ ሀራሬ ስብሰባ ያለበት ሰው ተሳስቶ ቢነካሽ እሱ ወዲያው ይወጣል፣ አንቺ ግን ከፍለሻል።

ስለዚህ ኪወርዶችሽን ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቢያቸው (ፍሬዝ ማች ይሆናሉ፣ የቃልሽን ትርጉም ለያዘ ፍለጋ ነው የሚወጡት)፣ በጣም የምትፈልጊያቸውን ደግሞ በማዕዘን ቅንፍ፣ ያ ኤግዛክት ማች ነው፣ ከቃልሽ ጋር አንድ ትርጉም ላለው ፍለጋ ብቻ ይወጣል። ከዛ ቢራ፣ ቡና፣ ስራ፣ ቪዲዮ፣ ዚምባብዌ የሚሉትን በእንግሊዝኛቸው ኔጌቲቭ ኪወርድ (ማስታወቂያሽ እንዳይወጣባቸው የምትከለክያቸው ቃላት) ውስጥ ክተቻቸው፣ ነጠላውንም ብዙ ቁጥሩንም ለየብቻ ጻፊ ምክንያቱም እዛ ጋር ጎግል ራሱ አያሟላልሽም። ከድሬዳዋ ኤርፖርት ሐረር እንዴት ይኬዳል ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን ወርቅ ነው፣ ቲኬት ቆርጧል፣ ማደሪያ ይፈልጋል፣ እሱን ያዢው!

ሎኬሽኑንም እዪው። ሐረርን ብቻ መርጠሽ ከሆነ በብዛት እዛው ቤቱ ላለ ሰው ነው የምታስተዋውቂው፣ አንቺ የምትፈልጊው ግን አዲስ አበባ ወይ ጅቡቲ ወይ ውጭ ሀገር ሆኖ ጉዞ የሚያስበውን ነው። የሚመጡብሽን ሀገሮች ምረጪና እዛ ያሉ ሰዎች ብቻ የሚለውን አርጊ፣ ምክንያቱም ዝም ካልሽው ለቦታው ፍላጎት ያሳየውንም ይጨምርብሻል። ድሬዳዋ ላይ ስልክ የሚጠግን ሰው ቢጠይቀኝ ግን ተቃራኒውን ነበር የምለው፣ ደምበኛው ከከተማው አይወጣማ።

ሂሳቡን ደግሞ በወረቀት አስይው። ከአንድ እንግዳ ወጪሽ ተቀንሶ 800 ብር ይተርፍሻል እንበል፣ ከ20 ክሊክ አንዱ ክፍል ከያዘ አንድ ክሊክ 40 ብር ላይ ሲደርስ ትርፍሽ አለቀ ማለት ነው፣ ከዛ በታች መሆን አለብሽ። ይሄን ለማወቅ የስልክና የዋትሳፕ ቁልፉ ሲነካ እንዲቆጠር ኮንቨርዥን (ከክሊኩ በኋላ ሰዉ የምትፈልጊውን ነገር ማድረጉን የሚቆጥረውን) አስገቢ፣ ካልተቆጠረ በጭፍን ነው የምትከፍዪው። ሰዉ ተጭኖ የሚገባበት ገጽም የክፍሉ ፎቶና ዋጋ ከነስልኩ ፊት ለፊት ያለበት ይሁን፣ ገጹ ከማስታወቂያው ጋር ከተስማማ ጎግል ጥራቱን ስለሚያይ ለክሊክ የምትከፍዪው ሊቀንስልሽ ይችላል።

አንድ ቀን ካስቀመጥሽው የቀን በጀት እጥፍ ቢወስድ እንዳትደነግጪ፣ ይፈቀድለታል፣ የወሩ ግን ከቀኑ በጀት 30.4 እጥፍ አይበልጥም። ሪፖርቱን በየሳምንቱ እያየሽ የማይረባውን እያወጣሽ ቀጥዪ፣ በጀት የምትጨምሪው አንድ እንግዳ ለማምጣት የምታወጪው እሱ ከሚያተርፍልሽ ሲያንስ ነው።