ስለ ዌልስ ጥንታዊ ነገሥታት፦ ጥያቄና መልስ

መላሹ የዌልስን የዘር ሐረጎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚመረምሩ አባል ናቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በተረት የሚታወቀው የብሪታኖች (የዌልሾች ቀደምት አባቶች) ንጉሥ አርተር በእርግጥ ነበረ?

መልስ፦ አርተር ሳክሶኖችን (የእንግሊዞችን ቀደምት አባቶች) ድል አደረገበት ስለሚባለው ስለ ባዶን ውጊያ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው መነኩሴው ጊልዳስ የአርተርን ስም አላነሣም። ውጊያዎቹን የዘረዘረው በ830 ገደማ የተጻፈው «የብሪታኖች ታሪክ» የጦር መሪ እንጂ ንጉሥ አላለውም። አደራ፣ የታሪኩን ዘመንና የጽሑፉን ዘመን አታደባልቁ።

ጥያቄ፦ የኤሊሴግ ዓምድ ስለ ነገሥታቱ ምንጭ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ላንጎለን አጠገብ የሚገኘውን ዓምድ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ያቆመው የፖዊስ (ከዌልስ ግዛቶች የአንዱ) ንጉሥ ካንጌን ሲሆን፣ መታሰቢያነቱም የፖዊስን ርስት ከእንግሊዞች በሰይፍ ላስመለሰው ለቅድመ አያቱ ለኤሊሴግ ነው። ድንጋዩ ዛሬ ስለማይነበብ የምንመካው የዌልሱ ሊቅ ኤድዋርድ ልዊድ በ1696 በገለበጠው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የነገሥታቱን ዘር ከብሪታኖች ገዥ ከቮርቲገርንና በ383 በብሪታንያ ንጉሠ ነገሥት ከተባለው ከማግኑስ ማክሲሙስ ልጅ ከሴቪራ ጋር ያያይዛል። በዚያው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በተቀናቃኙ የዌልስ ግዛት በግዊኔዝ የተጻፈው «የብሪታኖች ታሪክ» ግን ቮርቲገርንን ሳክሶኖችን ያስገባ ኃጢአተኛ አድርጎ ያወግዘዋል፤ ጳጳሱ ቅዱስ ጀርማኖስም ሲያሳድደው ያሳያል። በዓምዱ ላይ ደግሞ ያው ጀርማኖስ የቮርቲገርንን ልጅ ብሪቱን ባርኮታል! የዘር ሐረግ የርስት ክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አንድ አባል፦ እንግዲያው ሐረጉ ሁሉ ፈጠራ ነው።

ሌላ አባል፦ አይደለም፤ ባለቅኔዎች ሐረግን በቃል ይዘው ለትውልድ ያስተላልፉ ነበር፤ በቃል የተያዘ ሁሉ ሐሰት አይባልም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ከድንጋዩ ርቃችኋል። ካንጌን ለራሱ ቅርብ የሆኑትን አባቶች ስም ሊያውቅ ይችላል፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የራቀው ማክሲሙስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ የአርተርን ታሪክ የጻፈው የሞንመዙ ጄፍሪስ? የአርተር መቃብርስ?

መልስ፦ ጄፍሪ በ1136 ገደማ ሲጽፍ ምንጬ ነው ያለውን ጥንታዊ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ያገኘ የለም። የግላስተንበሪ መነኮሳት መቃብሩን አገኘን ያሉት በ1191 ነው፤ ገዳማቸው የተቃጠለው በ1184 ስለነበር ለማሠሪያው ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። አሁንም እላለሁ፦ የጽሑፉን ዘመን ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ዌልሾችን ወደ ብሪታንያ የመራቸው ሁ ጋዳርን መቼ ነገሠ?

መልስ፦ አልነገሠም። በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ጽሑፍ ይህ ስም የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ስም ነው፤ የዌልሾች አባት ያደረገው የራሱን ድርሰት የጥንት ብራና እያለ ያቀርብ የነበረው፣ በ1826 የሞተው ኢዮሎ ሞርጋኑግ ነው። ከእንግዲህ ከየት እንደተገኘ ያልተገለጸ ስም ብትልኩልኝ አልመልስም።