መልስ፦ ስለ ሥነ ልቦና ሕክምና «ማውራት ብቻ ከሆነ ለጎረቤትም አወራለሁ» ላልሽው

ጎረቤት «አይዞሽ፣ በቃ አታልቅሺ» ብላ ወሬውን ትዘጋዋለች። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይዘጋውም፤ ልዩነቱ ይህ ነው። ባለቤትሽን በአጋሮ መንገድ አደጋ ካጣሽ 8 ወር ሆኖሽ ዛሬም የፍሬን ድምፅ የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ፣ ሐዘንም ድንጋጤም ተደራርበውብሻል።

1. መጀመሪያ ስለ እንቅልፍሽ፣ ስለ ምግብሽ፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል። ድንጋጤው ሲመጣ መረጋጊያም ያስተምርሻል፦ እግርን መሬት ላይ ተክሎ ትንፋሽን በቀስታ ማስወጣት፣ ዙሪያሽን አይቶ አምስት ነገር በስም መጥራት።

2. ቀጥሎ የምትሸሺውን በጥቂት በጥቂቱ ትቀርቢዋለሽ። ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ቆሞ መመለስ፣ ሌላ ቀን በባጃጅ አጭር መንገድ።

3. ሐዘኑ ላይ የሚሠራው ሌላ ነው፦ የባለቤትሽን ስም መጥራት፣ ልብሱን ምን እንደምታደርጊው መወሰን፣ እሱ ይይዘው የነበረውን የቡና ሒሳብ መልመድ።

የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ከ6 ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያሰናከለ ብርቱ ሐዘንን ራሱን እንደቻለ ሕመም ይቆጥረዋል። ድክመት አይደለም። ከጅማ ሳትወጪ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። መድኃኒት የሚያዝዘው የሥነ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ነው እንጂ የሥነ ልቦና አማካሪ አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቺ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ ወንድሜን ባጣሁ ጊዜ የመጀመሪያው አማካሪ በአንድ ቀን ሁሉንም አስወራኝ፤ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቸኮለብሽ «ለዛሬ ይብቃኝ» በይው። እሱ ካልሰማሽ ሌላ አማካሪ ፈልጊ።